አንድ ጠብታ

አባቴ የጣዕም መርማሪ ነበር፣
ሰላሳ አንድ ዓመት በፍላክ፣ በስኳር ፋብሪካው በር።
ከሞሪሸስ ምሥራቅ ዳርቻ ተጭኖ ከመጣው ሸንኮራ
አንድ አገዳ መዝዞ፣ ሰንጥቆ፣
ከመሃሉ ጨምቆ፣
ጠብታዋን በብርጭቆዋ ላይ አኑሮ፣
በጥቁሩ ቱቦ ውስጥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አጮልቆ
ቁጥሩን ይጠራል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል።

ባለ ማሳው ይለምናል፦
«ሙሴ ቪራ፣ በሞቴ፣ አንዲት ነጥብ ጨምርልኝ፤
ዘንድሮ ሁለት ሴት ልጅ መዳር አለብኝ።»
አባቴ ቀና ሳይል፦
«እኔን ምን ታደርገኛለህ? ጠብታዋን ጠይቃት።
ቁጥር ዘመድ የለውም።»
(ማታ ግን፣ እናቴ ስታማው እንደሰማሁት፣
ለሰርጉ ከደሞዙ ቆርሶ ይልክ ነበር።)

ፋብሪካው ተዘጋ፤ ጭስ ማውጫው ብቻ ቆሞ ቀረ።
አባቴም ሰባ አራት ሞላው፣ ውሃ ጥሙ ጀመረ፤
ሌሊት አምስቴ ይነሳል፣
ቀን ጋዜጣ እንደያዘ ያንቀላፋል።
ሐኪሟ «ስኳር አለብዎ» ብትለው በሳቅ ፈነዳ፦
«የእኔ ልጅ፣ መቼ ተለይቶኝ ያውቃል?
በጫማዬ፣ በጢሜ፣ በሸሚዜ ኪስ
ይዤው ስገባ አይደል እንዴ የኖርኩት፣ እቤቴ ድረስ!»

የሳቀበት ቀን ያ የመጨረሻው ነው።
መለኪያዋን ከነካርቶኗ ከቴሌቪዥኑ ሥር ሸጎጣት።
ክኒኑን ዓይኔ እያየ ይውጣል፤ ዓይኔ ሲዞር ይተፋል።
አንድ ቀን በደጃፍ ያለውን፣ እናቴ ትጸልይበት የነበረውን
የበሶብላ ማሰሮ ውሃ ሳጠጣ፣
አሥራ አንድ ክኒን ከአፈሩ ብቅ አለ።
«ምንድን ነው ይሄ?»
«ይበቅል እንደሆን ብዬ» አለ።

ቅዳሜ ገበያ ስወጣ አሉዳ ሻጩ ይጣራል፦
«አባትሽ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሄደ፣ ሂሳቡ በአንቺ ነው ብሏል!»
እንዲህ ሆነን ከረምን፦
እኔ ልጅ መሆኔ ቀርቶ ፖሊስ ሆንኩበት፣
እሱ አባት መሆኑ ቀርቶ ሌባ ሆነብኝ፤
ኪሱን የምፈትሸው እኔ፣
የሚያፍርልኝ እሱ።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ሰቆቹ ላይ ደም አየሁ፤
ከበር እስከ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት እስከ አልጋው።
ሚስማር ነው። በነጠላ ጫማው አልፎ
ተረከዙ ውስጥ ገብቶ
ቀኑን ሙሉ አብሮት ሲራመድ ውሏል።
አልተሰማውም።
እግሩን አንስቶ አየው፣
የጎረቤት ዕቃ በስህተት እቤቱ እንደገባ ነገር።

አልጮህኩም። ልጮህ ነበር።
ቁምሳጥኑ ውስጥ የታላቅ ወንድሙ የሳዳሲቨን
ሦስት የግራ ጫማ አለ፣ መሬት ያልነካ፣ አዲስ፤
እግሩ ከተቆረጠ በኋላ የገዛቸው።
ሱቅ አንድ እግር አይሸጥም።
አባቴ አልጣላቸውም፤ በዓል ሲመጣ ይወለውላቸዋል።

ቁስሉን አጥቤ አሰርኩለት። ከዚያ ሣጥኑን ከፍቼ
ያን ጥቁር ቱቦ አወጣሁ፣
ከመለኪያዋ ጎን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ ምንም አላልኩ።
አነሳው። በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው።
ወደ አምፖሉ አቅንቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ
ባዶውን ብዙ አየ።
«ያቺኛዋ» አለ ቆይቶ፣ «ስንት ጠብታ ነው የምትፈልገው?»
«አንድ።»
ጣቱን ዘረጋ።

አሥራ አራት ነጥብ ሁለት።
«ሸንኮራ ቢሆን» አለ፣ «ይሄ ገና ጥሬ ነው፤
ወደ ማሳህ መልሰው እለው ነበር።»
ሳቅን። ሳቁ እኩል አላለቀልንም፤ እሱ ቀድሞ ዝም አለ።
«ለሰውስ? የሰው ልኩ ስንት ነው?»

አሁን በድሮው መዝገብ ይጽፋል፣ በዚያው ቀጭን እጅ ጽሑፉ፦
ቀን፣ ንፋስ፣ ዝናብ፣ ቁጥር።
ሐሙስ ባዶ ነው።
«ሐሙስ ሚዛኑ ተበላሽቶ ነበር» ይላል፣ መስኮት መስኮቱን እያየ።
ትናንት ደግሞ እርሳሱን ይዞ፦
«ቫሊያማ፣ በሞቴ፣ አንዲት ነጥብ ቀንሺልኝ፤
ነገ ሐኪሟ ታየዋለች።»
«ጠብታዋን ጠይቃት» አልኩት። «ቁጥር ዘመድ የለውም።»

(ማታ ግን ከስኳር ድንቹ ኬክ ቆርሼ፣
አውራ ጣት የምታህል፣
ከፊቱ አኖርኩና
ሳህን ላጥብ ዞርኩ።)